ሦስተኛው ጥያቄ

ጥቅምት 6

ለወንድሜ ለሚስማር፣

«ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። ዛሬ የናፈቀኝ ጆሮህን መጎተት ብቻ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አዲሱ የቤት ዕቃ ሱቅህ፣ ስለ ቫርኒሹ፣ ስለ መስኮቱ ስፋት፣ በምረቃው ቀን ስለመጣው ሰው ብዛት ስትተርክልኝ ቆይተህ፣ ወረቀቱ ሊያልቅብህ ሲል ጠርዙ ላይ አንዲት መስመር ጣል አደረግህ፦ «አባባ ትንሽ አኩርፈዋል፤ ማሽናቸውም አስቸግሯል፤ መላ ካለሽ ጻፊልኝ።» ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲህ ነህ። ሳህን ስትሰብር መጀመሪያ የምታወራው ስለ ድመቷ ነበር።

አባባ ትንሽ አኩርፈው አያውቁም። ወይ አያኮርፉም፣ ወይ ቤቱ ይናወጣል። ማሽኑ አስቸገረ ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ አጥተኸው አይደለም። ሐኪሞቹ ጉሮሮአቸውን ከከፈቱ ወዲህ ከዚያ አሮጌ ኮምፒዩተር ሌላ አፍ የላቸውም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ድምፃቸውን ፊደል በፊደል በቴፕ ቀድተው፣ ቃል ሲጽፉለት በራሳቸው ድምፅ እንዲናገርላቸው ፕሮግራሙን የጻፉት እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው ነው። በዚያ ድምፅ ስንት ጊዜ እንደገሠጹህ አንተው ታውቃለህ። «ማሽኑ አስቸገረ» አትበለኝ። «አባታችን ዝም አሉ» ብለህ ጻፍ።

አሁን የምልህን አድርግ። ማሽኑን አብራው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የመጀመሪያ መስመር እንዳለ ገልብጠህ ላክልኝ። ማሳጠር የለም፣ ማስረዳት የለም፣ የራስህን መጨመር የለም። ስልክ ያልደወልኩት ወይ አንተ ትዘጋብኛለህ ወይ እኔ እዘጋብሃለሁ ብዬ ነው። ይህን የምጽፍልህ ሊፍት ልጠግን መጥቼ፣ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ሥር፣ ሞተር ቤቱ ውስጥ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ታች ሰዎች ሊፍቱን ይጠብቃሉ፤ ይጠብቁ።

እህትህ

ጥቅምት 15

ለእህቴ ለአለቃ፣

ሰላምታዬ ከመላው ቤተሰብ ጋር ይድረስሽ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ በዚህ ሰሞን የወንበር ትእዛዝ በዝቶብን በብርጭቆ ወረቀት ስንፈትግ ነው የምንውለው።

የጠየቅሽኝን አደረግሁ። አሁን ምንም መስመር አያወጣም፤ ቀጥ ብሎ ይነሳል። መጀመሪያ ሰሞን «አላውቅህም» የሚል ነገር ይጽፍ ነበር፤ ባለሙያ ጠርቼ አስተካክሎልኛል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሻይ እንኳ ቀርቦለት እስኪበርድ አልፈጀበትም። ድምፁ ብቻ ትንሽ ቀጠን ብሏል። ምናልባት ስፒከሩ ይሆናል፤ ሌላ ልግዛ እንደሆነ ንገሪኝ።

አባባ ደህና ናቸው። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ጋዜጣቸውን ያነባሉ። የሚፈልጉትን በብጣሽ ወረቀት ይጽፉልናል። «ውሃ።» «መስኮቱን ዝጋ።» ለእኔ ብዙ ጊዜ የምትደርሰኝ «ውጣ» የምትለዋ ናት። ታውቂያቸዋለሽ፣ ዕድሜም ነው።

ክፍላቸውን ብታዪው አታውቂውም። ቀለም ተቀብቷል፤ የሠራሁላቸው ጠረጴዛ ደግሞ፣ እኔ ስለሆንኩ አይደለም፣ እንደ እሱ ያለ ሠርቼ አላውቅም። ስስ ነው፣ አንድ ሚስማር የለበትም፣ ሁሉም በመገጣጠሚያ ነው። ስክሪኑም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቦታው ሰፍቷል። ስትመጪ ታዪዋለሽ። መቼ ነው የምትመጪው?

ወንድምሽ

ጥቅምት 24

ሚስማር፣

ሰላምታዬን ለሚስትህ አድርስልኝ። ላንተ የለኝም።

ስክሪኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል አልከኝ። የአባባ ስክሪን ሆዱ የተነፋ ቴሌቪዥን ነው፤ ግድግዳ ላይ ብትለጥፈው ግድግዳውን ይዞት ይወርዳል። ጠረጴዛው ስስ ነው አልከኝ። ባለሙያ መጥቶ «አላውቅህም» የሚለውን አስተካከለው አልከኝ። እነዚህን ይዤ ያልነገርከኝን እኔው ልንገርህ፦ የአባባ ማሽን እዚያ ቤት ውስጥ የለም።

እንዴት አወቅሽ ብለህ እንዳትገረም፣ ፕሮግራሙ እንዴት እንዳወቀ ልንገርህ። ፕሮግራም ዕውር ነው። የትኛው ማሽን ላይ እንደተጫነ አያይም፤ ስለዚህ ይጠይቃል። አባባ ሦስት ጥያቄ ጽፈውለታል። መጀመሪያ ስም ይጠይቃል። ፋብሪካው የእያንዳንዱን ሞዴል ቁጥር በማይጠፋው ሜሞሪ ውስጥ አንድ የታወቀ ቦታ ላይ ያስቀምጥበታል፤ ፕሮግራሙ እዚያ ሄዶ ያነባል። ስም ግን ማንም የማንንም ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ፣ ግድግዳውን ያንኳኳል። ሜሞሪው ያልቃል ከሚባልበት ቦታ ማዶ አንድ ቁጥር ይጽፍና መልሶ ያነባል። የጻፈው ከተገኘ ቤቱ ከሚያውቀው ሰፍቷል፤ ካልተገኘ ልኩ ነው። ሦስተኛው የልብ ምት ነው። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች አንዴ ሥሎ እስኪጨርስ ማሽኑ ምን ያህል መቁጠር እንደሚችል ይለካል። አንዱ ማሽን ብዙ ይቆጥራል፣ ሌላው ትንሽ።

ሦስተኛው ለምን እንደመጣ እኔ ነኝ የማውቀው። የአባባ ድምፅ የተሠራው በመቁጠር ነው። ፕሮግራሙ ስፒከሩን ገፋ ያደርግና ይቆጥራል፣ ይለቅና ይቆጥራል። ማሽኑ ቶሎ ቶሎ ከቆጠረ ድምፁ ይቀጥናል። ያኔ በሚያስተምሩበት የሙያ ትምህርት ቤት ፕሮግራሙን ወስደው በጓደኛቸው ማሽን ላይ ሞከሩት፤ ድምፃቸው የድመት ግልገል ሆኖ ወጣ። ጓደኛቸው ሳቀ። አባባ ዲስካቸውን አውጥተው ቤት መጡና ሦስቱን ጥያቄ ጻፉ። «ድምፄ በማያውቀው ማሽን ላይ አፉን አይከፍትም» አሉኝ። ያኔ ገና ጉሮሮ ነበራቸው።

ያ ሻዩ ሳይበርድ የጨረሰው ባለሙያህ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ የድሮውን የሚያስመስል ፕሮግራም ጭኗል። አስመሳዩ ስም ሲጠየቅ የአባባን ማሽን ስም ተናገረ። ግድግዳውንም በልኩ ሠራ። ሲቆጥር ግን ልጓም ስላልተበጀለት ጋለበ፤ ተያዘ። ፕሮግራሙም «አላውቅህም» አለ፤ እውነቱን ነው። ባለሙያህ ታዲያ ልጓሙን አጠበቀ? አላጠበቀም። ጥያቄውን አዘለለው። ሌባ አይቶ የጮኸውን ውሻ አፉን አስሮ «ይኸው ቤቱ ሰላም ሆነ» ማለት ነው።

ማሽኑን የት አደረስከው? አባባስ በዚያ በቀጠነ ድምፅ ማን ፊት ተናገሩ? ብቻቸውን ሰምተውት ቢሆን ተቆጥተውህ ያበቃ ነበር። ሰው ፊት ነው።

እህትህ

ኅዳር 3

ለእህቴ፣

አለቃ ማለቱን ትቼዋለሁ።

አዎ፣ የለም። ቆራሌው ወሰደው። አባባ ለምርመራ ሆስፒታል ሲተኙ ጊዜ ክፍላቸውን ላሳምርላቸው ብዬ ቀለም አስቀባሁ፣ ጠረጴዛውን ሠራሁ። ያ ግንድ የሚያህል ማሽን አልገባም ያለው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ቀድሜ መለካት ነበረብኝ፤ አልለካሁም። አናጢ ደግሞ ቫርኒሹ የደረቀ ጠረጴዛ አይቆርጥም። ማሽኑን ቀየርኩት። ከሆስፒታል ሲመለሱ በወረቀት «የት ነው?» ብለው ጻፉልኝ። «ያው ነው አባባ፣ ልብሱን ነው የቀየርንለት» አልኳቸው። የድሮውን ኪቦርድ አስቀርቼላቸው ስለነበር ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና ተቀመጡ።

ይኸው፣ ነገርኩሽ። አሁን ደግሞ አንቺ ስሚ። ሦስት ጥያቄ አውቃለሁ ብለሽ ከሩቅ ትፈርጂብኛለሽ። የጉሮሮአቸውን ቀዳዳ ማን እንደሚያጥብ ታውቂያለሽ? ሲያስሉ በየትኛው ጎን እንደሚደገፉ ታውቂያለሽ? ያ የምታለቅሽለት ማሽን አንድ ክረምት ሞቶ ነበር። ባትሪ ይዤ የቆምኩላቸው እኔ ነኝ። ከሞተ ቴሌቪዥን ውስጥ ትንሽ የሰርዲን ጣሳ የመሰለች ቁራጭ ብረት ነቅለው ሲበይዱበት የቀለጠው እርሳስ ጣቴ ላይ ጠብ ብሎ ያቃጠለኝ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። ያኔ የት ነበርሽ? የሰው ሊፍት ስታወጪ ስታወርጂ። ከዚያ የምትልኪልኝ ምክር ብቻ ነው። ምክር ደግሞ አንገት አያጥብም።

ማን ፊት ነው ላልሽው፣ በሱቁ ምረቃ ላይ ነው። ንግግር እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሲጽፉ፣ ሲሰርዙ ሰነበቱ። ባለሙያው የጨረሰው በዚያው ዕለት ጠዋት ስለነበር ቀድመው አልሰሙትም። ጠረጴዛውን ከነኮምፒዩተሩ ወደ ሱቁ አወጣሁት፤ ሰውም ሥራዬን ይየው ብዬ። አባባ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀመጡ፣ ቁልፉን ተጫኑ። «ልጄ በእጁ ሠርቶ» የሚለው ቃል እንደ ጫጩት ጩኸት ወጣ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ማጥፊያው የት እንደሆነ ጠፋኝ። ንግግሩ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ለሟች እናታችን ያሉት ሳይቀር። ከዚያ አባባ ተነሱ፣ ኮፍያቸውን አደረጉ፣ በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ኪቦርዱን አልነኩትም።

ይህን ልጽፍልሽ ያልፈለግሁት ላታልልሽ አልነበረም። ሳስበው ያመኛል።

ወንድምሽ

ኅዳር 12

ሚስማር፣

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ጉሮሮአቸው ያልከው እውነት ነው። ውለታህን አልክድም። ስላጠብካቸው እጅህን እስማለሁ፣ ስለዋሸሃቸው ግን አልስምም። የገዛ አባትህ «የት ነው?» ብለው ጠየቁህ። ቀጥ ያለ ጥያቄ ነበር። አንተ የመለስክላቸው ያ አስመሳይ የመለሰውን ነው፤ የሌላውን ስም።

ማሽኑን ፈልገው። ቆራሌው ጋ ሂድ፣ ቁርጥራጭ ብረት የሚመዘንበት ሚዛን ቤት ሂድ፣ አፈር ልሰህም ቢሆን አምጣው። እኔም በበኩሌ የማሽኑን ወንድም፣ ያንኑ ሞዴል፣ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። «ሰው ሁሉ ሳቀ» ብለህ ጽፈሃል። አንተ ከሰው ትቆጠራለህ ወይስ አትቆጠርም?

እህትህ

ኅዳር 25

ለእህቴ፣

እንዴት ነሽ? ብርዱ እዚያ እንዴት ነው? ቆራሌውን አገኘሁት። መዳቡን ለማውጣት ሰባብረውታል፤ የሽፋኑን ቁራጭ አሳየኝ። ቁራጩን ይዤ መጣሁ፤ ለአባባ ግን አላሳየኋቸውም። ሱቁ መልካም እየሄደ ነው። ከትናንት ወዲያ ለአንድ ቢሮ ስድስት ወንበር ሸጥን። አባባ በመጠኑ ከስተዋል፤ ሐኪሙ ግን ምንም የለባቸውም ብሏል። አዲሱን ኮምፒዩተር ከክፍላቸው አወጣሁት፤ ጠረጴዛው ባዶውን ቆሟል። ሌላ የጠየቅሽኝ ነገር ካለ በሚቀጥለው እመለስበታለሁ።

ወንድምሽ

እህቴ፣ እኔ ነኝ፣ የወንድምሽ ሚስት። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አድርሺው ብሎ ሰጥቶኝ፣ ሳላሽገው ይህን ጨመርኩበት። ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አመለጠን። የእኔን ሳቅ አባባ አላዩትም፣ የእሱን ግን ቀና ብለው አዩት። እሱም እንዳዩት ያውቃል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም፤ ብቻ አትንገሪው።

ታኅሣሥ 9

ሚስማር፣

ማሽን አገኘሁ። አንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰበሩ ዴስኮች ሥር ነበር። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ «ይሄን ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ሳቀብኝ፤ በዚህ ሰሞን የሚስቅ ሰው ስለማልወድ አልመለስኩለትም። ከነቴሌቪዥኑ ነው። ከፍቼ ጠርጌዋለሁ፤ ያረጁትን ክፍሎች ቀይሬለታለሁ። ሞዴሉ ያው ነው፤ ስሙም ግድግዳውም ያው ነው። አንተ ልብሱን ቀየርንለት ብለህ ሥጋውን ነበር የጣልከው፤ እኔ የላክሁት ሥጋውን ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ልኬዋለሁ። ሹፌሩን አንድ ጭረት ቢገኝበት ወዮልህ ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ።

ዋናውን ዲስክ ከአባባ መሳቢያ አውጥተህ አስገባው፤ ባለሙያህ የነካካውን ቅጂ ጣለው። ጠረጴዛው አይበቃውም። መጋዝ አለህ።

ስለ ሳቁ አልረሳሁትም። መልስ አለመስጠትም መልስ ነው።

እህትህ

ታኅሣሥ 23

ለእህቴ፣

ጠረጴዛውን ቆረጥኩት። ፊት ለፊታቸው ነው የቆረጥኩት፤ ወንበራቸው ላይ ሆነው መጋዙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከቱ።  ማሽንሽን አስገባሁት፣ ዲስኩን አስገባሁት፣ አበራሁት። ቴሌቪዥኑ ሞቆ እስኪበራ ድረስ አባባ ተነስተው ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ከምረቃው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ልደብቅሽ አልችልም።

«አላውቅህም» አለ።

አጥፍቼ አበራሁት። «አላውቅህም።» አባባ አነበቡት፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ እንደ ማጽናናት ይሁን እንደ ፌዝ አልገባኝም። ተመልሰው ተቀመጡ።

ይኸውልሽ አለቃ። ሥጋው ነው ያልሽው ይህ ነው። ስንት ነገር ስትዘልፊኝ ከርመሽ ያንቺም ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ባለሙያው ቢጠራ ጥያቄውን እንደገና ሊያዘልለው ይችላል፤ ድምፁ ብዙም አይቀጥንም ይላል። ጠረጴዛዬን ቆርጫለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ልጥራው?

ወንድምሽ

ጥር 2

ሚስማር፣

አትጥራው። በደጅህ ቢያልፍ እንኳ እንዳታስገባው።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የመጀመሪያው ነገር አንተን መርገም ነበር፣ ሁለተኛው ማሽኑን። ሦስተኛው ላይ የኅዳሩን ደብዳቤህን አውጥቼ እንደገና አነበብኩ፤ ጣትህን ያቃጠለህ ብየዳ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ያቺ የሰርዲን ጣሳ የመሰለች ብረት ክሪስታል ናት። ማሽኑ የሚቆጥረው በእሷ ነው። አባባ የሞተችውን አውጥተው በእጃቸው የተገኘችውን፣ የቴሌቪዥኗን፣ በይደውበታል። ከዚያ ወዲህ ማሽናቸው ከወንድሞቹ ሁሉ ቀስ ብሎ ይቆጥር ነበር ማለት ነው። ሦስተኛውን ጥያቄም፣ የድምፁን ልክም በዚያው አስተካክለውታል። እኔ ስሙን አይቼ «ያው ነው» አልኩ። አንተም «ያው ነው» ብለሃል። ብቻ ይህን ለማንም አታውራብኝ።

ከዚህ ጋር ለአባባ የጻፍኩትን ደብዳቤ ታገኛለህ። ሳትከፍት ስጣቸው። ብትከፍተው ግን እንዳትደነግጥ። አባባን ለምኖ ከወንበር ያስነሳ ሰው የለም፤ የሚያስነሳቸው ንዴት ነው።

እህትህ

ለተከበሩ አባቴ፣

ጉልበትዎን ስሜ፣ የሚከተለውን በድፍረት አቀርባለሁ። ሦስተኛው ጥያቄዎ ስህተት ነው። የላክሁት ማሽን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ልኩን ይቆጥራል። በሽተኛው የእርስዎ ነበር። የቴሌቪዥን ክሪስታል በይደውበት ሲያነክስ ይኖር ነበር፤ እርስዎም አነካከሱን ለክተው «ልኩ ይህ ነው» ብለው ጻፉ። ጤነኛ ሲመጣ ደግሞ «አላውቅህም» ይላሉ። ከተማሪዎችዎ አንዱ እንዲህ አድርጎ ቢያመጣልዎ ወረቀቱን በመስኮት ይወረውሩት ነበር። እኔንም አንድ ጊዜ ከዚህ ባነሰ ከክፍል አስወጥተውኛል።

እርስዎ ስለደከሙ ባለሙያ ጠርተን ጥያቄውን እናስዘልለው እንደሆነ፣ ፈቃድዎን በብጣሽ ወረቀት ለሚስማር ያሳውቁት።

ልጅዎ

ጥር 16

ለእህቴ ለአለቃ፣

እየቸኮልኩ ስለምጽፍ ጽሑፌ ቢበላሽ ይቅር በይኝ።

ደብዳቤሽን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። አንዴ አነበቡት፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፣ እንደገና አነበቡት። አንገታቸው ከሥር ጀምሮ ሲቀላ አየሁ፤ ሐኪም ልጥራ ብዬ ተነስቼ ነበር። ወረቀቱን ጨምድደው ወደ መስኮቱ ወረወሩት። መስኮቱ ዝግ ስለነበር ተመልሶ እግሬ ሥር ወደቀ። ከዚያ ተነስተው ወንበራቸውን በእጃቸው እየጎተቱ ጠረጴዛው ጋ መጡ። ላግዝ ብዬ እጄን ብዘረጋ በክርናቸው ገፉኝ።

እስከ ማታ አልተነሱም። ምሳቸውን እዚያው በሉ። ስክሪኑ ሙሉ ቁጥር ነው፤ እኔ ምኑም አልገባኝም፤ ቢሆንም አንድ ነገር አየሁ። አሮጌውን ቁጥር አላጠፉትም። ከሥሩ አዲስ ጨመሩበት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ በብጣሽ ወረቀት መለሱልኝ፦ «ሁለቱንም ያውቃል።» ያቺን ወረቀት ኪሴ ከተትኳት።

ከዚያ አበሩት። «አላውቅህም» አላለም። ድምፁን ሲሞክሩት ግን ቀጠን ብሎ ወጣ፤ ያን ያህል ባይሆንም ያን ቀን አስታወሰኝና ወለሉን አየሁ። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። ቁጥር ለወጡ፣ ሞከሩ፤ ለወጡ፣ ሞከሩ። ያው አንድ ቃል ነው፣ «አሁን» የሚለው። ድምፁ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይወፍራል። ወረደ፣ ወረደና አባባ ጋ ደረሰ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች፤ እጇ ገና ሳሙና እንደያዘ ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት ስላንቺ ነው። ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦

«ስህተት ነው ያለችው የት አለች? ትምጣና ታሳየኝ።»

ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ገሠጹን። አንቺን በክሪስታሉ፣ የላክሽውን ማሽን በጥድፊያው፣ ባለቤቴን በሾርባው ጨው። ባለሙያውን ያሉትን አልጽፈውም። የጠረጴዛውን አቆራረጥ ሳይቀር ጠማማ ነው አሉኝ፤ ጠማማ ነው፣ እያዩኝ ስለቆረጥኩት ነው። ሲገሥጹኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ አንዲት መስመር ጻፉ። ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩትና አንዲት ቁልፍ ተጫኑ።

«እስቲ አሁን ሳቅ» አለ ድምፃቸው።

ስለዚያ ነገር በደብዳቤ ጠይቀሽኝ መልስ አልሰጠሁሽም። ለእሳቸውም አልሰጠሁም። ቆሜ አለቀስኩ፣ እንደ ልጅ። አባባ ብዙ አዩኝ። ፊታቸው እንደተቆጣ ነው። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አመማቸው ብዬ ልይዛቸው ስል እየሳቁ መሆናቸውን አየሁ። ድምፅ የለውም። ያኔ ድምፃቸውን በቴፕ ሲቀዱ ሳቃቸውን መቅዳት አላሰቡም ነበር።

በቶሎ ነይ፤ ሦስተኛውን ጥያቄ ሊያሳዩሽ ይጠብቁሻል። ጠማማውን ጠረጴዛ እስክትመጪ አላስተካክለውም።

ወንድምሽ ሚስማር